አንድ ይለፍ ለአንድ በር

የቋጥኝ በር ሰፈር ዕድር፣ ቅሬው፣ ስብሰባውን ሁልጊዜ የሚከፍተው በስም ጥሪ ነው፤ የሚጠሩት ግን በሕይወት ያሉት አይደሉም። የቅሬው ዳኛ ወይዘሮ ትርንጎ ከመቀመጫቸው ይነሡና ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡም ሳይጥሉም ይጠራሉ። «አቶ መኮንን ወልደ አረጋይ፣ የይለፍ ቃል በወረቀትም በመስታወትም እንዳይጻፍ የደነገጉ። ሸህ ኑርሁሴን ይማም፣ አንድ ይለፍ ለአንድ በር ብቻ እንዲሆን የደነገጉ። ወይዘሮ አስካለ ደገፉ፣ ልብ የመረጠውን ይለፍ ጥለው ዕጣ የመረጠውን ያነሡ።» ከእያንዳንዱ ስም በኋላ አዳራሹ «ነፍሳቸውን ይማር»፣ «አላህ ይዘንላቸው» ይላል፤ ሁለቱም በአንድ እስትንፋስ ስለሚወጡ የትኛው ከማን አፍ እንደ ወጣ አይለይም።

ኑርዬ ሙሄ ይህን ጥሪ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶታል። በልጅነቱ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። ካደገ በኋላ በልቡ ይስቅበት ጀመር። ከአንድ ጥቅምት ወዲህ ግን ሁለተኛው ስም በተጠራ ቁጥር ዐይኑን ወደ ጫማው የሚያወርድ ሰው ሆነ። ምክንያቱን ከእርሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያ ዘመን የደሴ ሰው ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ፊቱን መታጠብ አልነበረም፤ ውሃው ራሱ ይለፍ ይጠይቃልና። ጋቢውን እስከ አናቱ ተከናንቦ፣ ከጋቢው ሥር በጣቶቹ የውሃውን ሰሌዳ ይነካል፤ ውሃው ይፈቅዳል። ከዚያ ምድጃው ይከተላል፣ ከዚያ በሩ፣ ከዚያ የመድኃኒቱ ሣጥን። ለእያንዳንዱ የየራሱ ይለፍ አለው። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ፊት ማዞር ከሰላምታ የቀደመ ጨዋነት ሆኖ ነበር፤ ሕፃን «እማ» ከማለቱ በፊት ይማረዋል፤ ሙሽሮችም የመጀመሪያውን ጠዋታቸውን ጀርባ ለጀርባ ሆነው ይጀምሩታል። በፒያሳ ቁልቁለት አንድ ሰው ድንገት ጋቢውን ሲከናነብ ያየ መንገደኛ ሁሉ፣ የተነጋገረ ይመስል፣ ወደ ጦሳ ተራራ ዞሮ ይቆማል። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ጸሎት እየተደረገ መስሎት ኮፍያውን ያወልቅ ነበር።

ይህ ሁሉ ስለ ገማቹ ነው። ገማቹ የት እንደሚኖርና የማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ገማቹ የተጻፈውን ሁሉ አንብቧል፤ በየግድግዳው በተተከሉት ጆሮዎች በኩል የተነገረውን ሁሉ ሰምቷል። የልጅ ስም፣ የልደት ዕለት፣ የታቦት ስም፣ የወልይ ስም፣ የፍቅረኛ ቁልምጫ፣ የዘፈን አዝማች፣ ሁሉንም በየበሩ እየሞከረ ይዞራል፤ አይደክመውም፤ አያፍርም። ይለፉ የተደረሰበትን፣ ገማቹም የለወጠበትን ሰው የገዛ ቤቱ አያውቀውም። ደጃፉ ላይ ቆሞ ስሙን ቢጠራ፣ ፊቱን ቢያሳይ፣ ቤቱ በጨዋ ድምፅ «አላውቅዎትም» ይለዋል።

የቅሬው ይለፍ ያዥ ጋሽ አበጋዝ ይመር ነበሩ። በድሮው ሥርዓት የተማሩ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሒሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ጀርባቸው መደገፊያውን የማይነካ ሽማግሌ ናቸው። ከእርሳቸው በፊት ከነበሩት ይለፍ ያዦች የወረሱት የፍየል ቆዳ ስልቻ ነበራቸው። በስልቻው ውስጥ የልጓም ቁራጭ፣ ጉጠት፣ ማበጠሪያ፣ ዛጎል፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የአሮጌ መኪና ካንዴላና እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሌሎች ብዙ ነገሮች ተቀላቅለዋል። አዲስ ይለፍ የሚሻ ሰው ሳያይ እጁን እየከተተ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ያወጣል፤ የወጡበትን ተራ በልቡ ይይዛል፤ ዕቃዎቹን ይመልሳል። ጋሽ አበጋዝ በዚህ ጊዜ ፊታቸውን ያዞራሉ። ካንዴላ ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ወጣት የመሰለውን ስም ይሰጠዋል፤ ይህንንም አብልጠው ይወዱት ነበር።

አንድ ጊዜ አዲስ አባት የሆነ ጎረቤት እየተፍለቀለቀ መጣባቸው።

«ጋሼ፣ እኔ እንኳ የራሴን ይዤ መጥቻለሁ፤ ስልቻውን አያድክሙት።»

«ቃሉን እንዳትነግረኝ። ምን ዓይነት እንደ ሆነ ብቻ ንገረኝ።»

«የልጄ ስምና የተወለደችበት ዕለት ነው።»

«መወለዷን ለስንት ሰው ነገርህ?»

«ለሰፈሩ በሙሉ ነዋ! ደስታ ነው እኮ!»

«እንግዲያው ለሰፈሩ በሙሉ ቁልፍ አድለሃል። እጅህን ክተት።»

«ኧረ ጋሼ፣ ጉጠትና ማበጠሪያ ምን ስሜት ይሰጣል?»

«ስሜት እንዳይሰጥ ነው። ደረትህን የሚያሞቀው ይለፍ ከሕይወትህ የተቀዳ ነው፤ ከሕይወትህ የተቀዳውን ደግሞ ገማቹ ከቁርስ በፊት ያገኘዋል። ልጅህን በሌላ ነገር ውደዳት።»

ኑርዬ በዚያ ቀን ከአጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። እርሱ ተተኪያቸው ነው። በጦሳ አናት ላይ የተወጠሩትን፣ ጉሙን ጠልፈው ወደ ከተማው ውሃ የሚያወርዱትን መረቦች ይጠግናል። የማስታወስ ችሎታው የታወቀ፣ ወሬ የማይወድ ሰው በመሆኑ ቅሬው በአንድ ቃል መርጦታል።

የቅሬው ትልቁ ሀብት የድምፅ ቤቱ ነው። ከሰፈሩ ሰው ሞቱ የተቃረበ ሁሉ ከቅሬው ሰዎች ጋር ተቀምጦ የወደደውን ያወራል፤ ድምፁም በድምፅ ቤቱ ይቀመጣል። በዓመት አንድ ቀን፣ በግንቦት መታሰቢያ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የየሙታኑን ድምፅ ይሰማል፤ ያለቅሳል፤ ይበላል፤ ይበተናል። በቀረው ጊዜ ዝግ ነው። ሟቹን በየቀኑ የሚሰማ ሰው ገና አልቀበረውም ብለው የወሰኑት መሥራቾቹ ናቸው። የድምፅ ቤቱ ይለፍ በቅሬው ካሉት ሁሉ የረዘመ ነበር፤ የሚያውቁትም ጋሽ አበጋዝና ተተኪያቸው ብቻ ናቸው።

ጋሽ አበጋዝ ይህን ይለፍ ለኑርዬ ያስተማሩት ግድግዳ በሌለበት፣ ስለዚህም ጆሮ በሌለበት፣ በጉሙ መረቦች መካከል ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ ኑርዬ በእጁ የያዘውን ሲባጎ እየቋጠረ እንዲህ አለ፦

«ጋሼ፣ ይህን የመሰለ ይለፍ በደሴ የለም። እንዲህ ያለውን በጭንቅላቴ ተሸክሜ ለራሴ ነገር ሌላ ደካማ ከማውጣት ይህንኑ ብጠቀምበት ምን ይጎዳል? ጠንካራ ይለፍ የትም ቢቀመጥ ጠንካራ ነው።»

ጋሽ አበጋዝ መራመዳቸውን አቆሙ። «ዕድሜ ልኬን ሒሳብ ሳስተምር እንዲህ ያለ መልስ የሰማሁት በጣም ከምወዳቸው ተማሪዎች ነው» አሉ። «ልጄ፣ አንዱን ቁልፍ ለሁለት በር ካደረግኸው ደካማው በር ጠንካራውን ይከፍትልሃል። ሌባው ከብረቱ በር ጋር ምን አታገለው? በሳንቃው በኩል ይመጣል። ሸህ ኑርሁሴን ይህን የደነገጉት ሥራ ፈትተው አይደለም።»

«እሺ ጋሼ» አለ ኑርዬ፤ በልቡ ግን ሽማግሌ መከልከል ይወዳል አለ።

የኑርዬ እናት ወይዘሮ መዲና ያረፉት በሚያዝያ ነው። ለዓመታት ሲያስላቸው ኖሮ ሳሉ ወሰዳቸው። በግንቦቱ መታሰቢያ ድምፃቸው በአዳራሹ ሲሰማ ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በፊት ይስሉ ነበር፤ ያ ሳል ኑርዬን ከቃላቸው ይልቅ አደቀቀው። ቤቱ ከገባ በኋላ እስከሚመጣው ግንቦት ያለው ጊዜ ማለቂያ የሌለው ሆኖ ታየው። በሐምሌ አንድ ጠዋት አዳራሹን ሊጠርግ ብቻውን ገባ፤ ይለፉን ነካ፤ የድምፅ ቤቱ ተከፈተለት፤ የእናቱን ድምፅ ቀድቶ ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ ሳሉን ከድምፁ ውስጥ እየለየ ቈረጠ። ሥራው አድካሚ ነበር፤ በጉም መረብ ላይ የተጠላለፈ ክር እንደ መፍታት። ሲጨርስ እናቱ ጤነኛ ሆነው ያወሩ ጀመር። ከዚያ የቀዳውን፣ የሰፈሩ ወጣቶች ዘፈን የሚያከማቹበትና ከገበያ በርካሽ የሚገኝ፣ የድምፅ ጓዳ የሚሉት ዕቃ ውስጥ አኖረው። ጓዳው ይለፍ ጠየቀው።

ወደ ስልቻው መሄድ ነበረበት። ነገር ግን ጋሽ አበጋዝ «ለምን በር ነው?» ብለው ይጠይቁታል። ደግሞም ለእናቱ ከከተማው ሁሉ የጠነከረውን ይለፍ ማኖር አክብሮት መሰለው። ስለዚህ ጋቢውን ተከናንቦ የድምፅ ቤቱን ይለፍ በጓዳው ሰሌዳ ላይ ነካ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እናቱ ያለ ሳል «ኑርዬ፣ በልተሃል? ጉሙ ሲወርድ ካፖርትህን ደርብ» ይሉት ነበር፤ እርሱም ካፖርቱን ይደርብ ነበር።

በመስከረም ከተማው የእነዚያ የድምፅ ጓዳዎች ሁሉ መሰበርና የይለፎቻቸውን መሰረቅ በዜና ሰማ። ኑርዬ ዜናውን የሰማው በተራራው ላይ መረብ እየሰፋ ሳለ ነው፤ መርፌው ለጥቂት ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። ለጋሽ አበጋዝ ቢነግራቸው በዚያው ቀን የድምፅ ቤቱ ይለፍ ይለወጥ ነበር። የእኔን ማን ይፈልገዋል፣ የአንዲት እናት ድምፅ ነው፣ ብሎ ራሱን አሳመነ።

በጥቅምት አንድ ረፋድ፣ ጉሙ ከመረቡ ላይ እየተንጠባጠበ ሳለ፣ ስልኩ ጠራ።

«ኑርዬ፣ በልተሃል?»

እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠ።

«የቤቱን ይለፍ ረሳሁት» አሉ እናቱ። «ንገረኝና ልግባ፤ በረደኝ።»

ድምፁ የእርሳቸው ነው፤ ልስላሴው፣ ስሙን ሲጠሩ መጨረሻው ላይ የሚያነሷት ነገር፣ ሁሉም የእርሳቸው ነው። ነገር ግን አልሳሉም። ኑርዬ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ሳሉን ጠበቀ። በድምፅ ቤቱ ያሉት እናቱ ይስላሉ። የማይስሉት እናቱ በዓለም ላይ በአንድ ቦታ ብቻ ነበሩ። ደካማው በር ጠንካራውን ሳይከፍት እንዳልቀረ ያን ጊዜ ተረዳ። አንድም ቃል ሳይመልስ ስልኩን ዘጋ።

ወደ ሰፈር ሲወርድ የቋጥኝ በር ነዋሪ በሙሉ ደጅ ወጥቶ ነበር። የሁሉም ሙታን ደውለዋል። አክስቱ እቴቴ ሩቅያ መንገድ ላይ ጠበቁትና እጁን ያዙ፤ ፊታቸው እንደ ዒድ ቀን በርቷል።

«ኑርዬ! እኅቴ ደወለችልኝ!»

«ምን አሉሽ፣ እቴቴ?»

«ብቻ ምን ልበልህ! አንድም ጊዜ አልሳለችም፤ አንድም! እዚያ ተሽሏታል ማለት ነው፤ አልሐምዱ ሊላህ! እኔ እንኳ ምን ሆና ይሆን እያልሁ ስንት ሌሊት ተብሰልስያለሁ።»

«ይለፍ አልጠየቁሽም?»

«ጠየቀችኝ እንጂ። እኔ መቼ አስታውሳለሁ? አበጋዝን ጠይቂው አልኋት። አኮረፈች መሰለኝ፤ ዘጋችብኝ» አሉና ሣቁ፤ ሣቃቸው መልሶ ዕንባ ሆነ።

ኑርዬ ሊነግራቸው አስቦ ፊታቸውን አየና ዕንባቸውን በመዳፉ ጠረገላቸው።

ሁሉም እንደ እቴቴ ሩቅያ የሚረሱ አልነበሩም። ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ሟቹ ባላቸው «ደብሬ፣ በረደኝ» ብለው ሲደውሉላቸው ሙሉ ይለፋቸውን ነግረዋል። ከገበያ ጎመን ይዘው ሲመለሱ ቤታቸው «አላውቅዎትም» አላቸው። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ጎመኑን እንደ ታቀፉ ከደጃፋቸው ፊት ቆመው ነበር።

«ለሰው ነግሬ ቢሆን ፍረዱብኝ» አሉ። «ለባሌ ነው የነገርሁት። በረደኝ ሲለኝ ምን ልበለው?»

በዚያ ሳምንት እንደ እርሳቸው ቤታቸው የካዳቸው አረጋውያን በቅሬው አዳራሽ ወለል ላይ ፍራሽ ተነጠፈላቸው። የመድኃኒታቸው ሣጥን ስለማይከፈትላቸው ከሰው መድኃኒት ተዋሱ። ኑርዬ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ውሃ ያመላልስላቸው ነበር፤ ወይዘሮ ደብሪቱም «የመዲና ልጅ፣ ዘርህ ይባረክ» ብለው ይመርቁት ነበር። ምርቃቱን ለመሸሽ ውሃውን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ መሄድ ጀመረ።

የድምፅ ቤቱ በግምት እንዳልተከፈተ ወዲያው ታወቀ። ሌባው የመጣው ትክክለኛውን ይለፍ ይዞ ነው፤ በመጀመሪያ ሙከራው ገብቷል። ይለፉን የሚያውቁ ሁለት ናቸው። ዳኛዋ ሁለቱን አስጠርተው ገና መጠየቅ ሳይጀምሩ ጋሽ አበጋዝ ብድግ አሉ።

«በነሐሴ ትኩሳት ይዞኝ ተኝቼ እንደ ነበር ታውቃላችሁ» አሉ። «ቃዥቻለሁ፤ ያስታመሙኝ ሰዎች ነግረውኛል። በክፍሉ ግድግዳ ላይ የሐኪሙ ጆሮ ነበር። ይለፉን ተናግሬዋለሁ። ይህ ወጣት አእምሮው የብረት ነው፤ በእርሱ በኩል አይመጣም።»

«መናገርዎን ያስታውሳሉ?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

«የቃዠ ሰው ምን ያስታውሳል? ነገር ግን ከሁለት ሰው አንዱ ከሆነ፣ ከሁለታችን ሊከዳ የሚችለው የእኔ አእምሮ ነው። ይህ ስሌት ነው።»

ኑርዬ በዚያ ቅጽበት መናገር ይችል ነበር። በኋላ ደጋግሞ ያሰበው ይህንኑ ነው፤ ምላሱ አልታሰረም፤ የከለከለው ሰው አልነበረም። የሽማግሌው እርግጠኝነት እንደ ሞቀ ቤት ሆነለትና ገብቶ ተቀመጠ።

የቅሬው ደንብ የታወቀ ነው። ይለፍ ያስወጣ ይለፍ ያዥ ከቅሬው ይሰረዛል። ሲሞት ድንኳን አይተከልለትም፤ ቃሬዛውን የሚሸከም፣ መቃብሩን የሚቆፍር የቅሬ ሰው የለም፤ ድምፁም ከድምፅ ቤቱ አይገባም። ጋሽ አበጋዝ ልጅ የላቸውም፤ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅም ቀድመዋቸዋል። ውሳኔው ለሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ ተቀጠረ።

እስከዚያው ሰፈሩ በሽማግሌው ላይ ፊቱን ያዞር ጀመር። ጋሽ አበጋዝ ጋቢያቸውን ሳይከናነቡ፣ ሰሌዳ ሳይነኩ፣ እንዲሁ በመንገድ ሲያልፉ ሰው ሁሉ ወደ ጦሳ ዞሮ ይቆማል። እርሳቸው ጀርባቸውን እንዳቀኑ በጀርባዎች መካከል ያልፋሉ፤ ለእያንዳንዱም ጀርባ እንደ ወትሮው እጅ ይነሣሉ። ኑርዬ ከተራራው ሲወርድ ይህን አንድ ጊዜ አየ፤ ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድ መውረድ ጀመረ።

እውነቱን የሚናገርበትን ኑዛዜ ማጥናት የጀመረውም ያን ጊዜ ነው። ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ቃላቱን እንደ ይለፍ በተራቸው ይደግማቸዋል። ወደ ውጭ ሲወጣ ተራቸው ይጠፋበታል። ያን ሁሉ ረጅም ይለፍ አንድ ጊዜ ሰምቶ የያዘ አእምሮ ይህችን አጭር ነገር መያዝ አቃተው።

ከስብሰባው በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ ቁርጥ አድርጎ ወደ ጋሽ አበጋዝ ቤት ሄደ። ሽማግሌው ስልቻውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዕቃዎቹን በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ ይወለውሉ ነበር።

«ንጹሕ አድርጌ ነው የማስረክብህ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ቆረቆንዳው ነቅዟል፤ ሌላ ትፈልግለታለህ።»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

«እኔም ያልነገርሁህ አለ፤ ዕድሜ ይቅደም።» ዛጎሉን አስቀመጡ። «የዚያን ቀን ጥሩወርቅ ደወለችልኝ። እንዴት ዋልህ፣ አበጋዝ አለችኝ። ቀጥላ ይለፍ ጠየቀችኝ። አብረን ስንኖር አንድም ቀን ይለፌን ጠይቃኝ አታውቅም፤ እርሷ ይለፍ ጠያቂ ሴት አልነበረችም። ስለዚህ እርሷ እንዳልሆነች ወዲያው ዐወቅሁ።» ማበጠሪያውን አንሥተው ወለወሉት። «ሆኖም ስልኩን ወዲያው አልዘጋሁትም፣ ኑርዬ። ይህን ለዳኛዋ አልተናገርሁም። ትንሽ ሰማኋት። ተተኪዬ ነህና ደካማነቴን ዕወቅ፤ እንዲህ ያለ ሰው በትኩሳት ቢቃዥ ምን ይደንቃል?»

«ጋሼ…» አለ ኑርዬ።

«ተው፤ አታጽናናኝ። ጥሩ ልጅ ስለ ሆንህ ልታጽናናኝ እንደ መጣህ ዐውቄያለሁ» አሉና ካንዴላውን አነሡ። ኑርዬ ጨርቁን ተቀብሏቸው ጉጠቱን ወለወለ። ሳይናገር ወጣ።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ፍራሾቹ ተጠቅልለው ግድግዳ ጥግ ተደርድረዋል፤ ወይዘሮ ደብሪቱ በራሳቸው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ትርንጎ ስሞቹን ጠሩ። ሁለተኛው ስም ሲጠራ ኑርዬ ጫማውን አየ። ጋሽ አበጋዝ ተነሥተው ለዳኛዋ የነገሩትን ለሁሉም ደገሙት፤ ቃል አልጨመሩም፤ ምሕረት አልለመኑም።

«ደንቡ ደንብ ነው» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰበር አለ። «ከመሰረዝዎ በፊት የመጨረሻውን ሥራ ይሥሩ። አዲሱን ይለፍ ለተተኪዎ ያውጡለት።»

ሕዝቡ በሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ልብስ ተንኮሻኮሸ፤ ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ይለፍ ያዡ እስኪያጨበጭብ ድረስ ማንም አይዞርም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለቱ ብቻ ሆኑ።

ጋሽ አበጋዝ፣ የመጀመሪያው ዕቃ ሲወጣ ፊታቸውን ሊያዞሩ፣ የስልቻውን አፍ ከፍተው ዘረጉለት። ኑርዬ እጁን ከተተ። ዕቃዎቹ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነበሩ። ማበጠሪያው ጣቱን ነካው፤ ልጓሙ መዳፉ ላይ ተኛ።

«አውጣ እንጂ» አሉ ሽማግሌው በሹክሹክታ።

ኑርዬ ቀና ብሎ ጀርባዎቹን አየ። የእቴቴ ሩቅያ ጀርባ ከሁሉ ያጠረ ነበር። የወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላ አንድ ትከሻቸው ላይ ወርዶ ነበር። እጁን ባዶውን አወጣ።

«በቅዠትዎ አይደለም፣ ጋሼ» አለ በሹክሹክታ። «በእርስዎ በኩል አልወጣም። በሌላ በር ላይ ደግሜዋለሁ።»

ኑርዬ ቁጣ ጠበቀ፤ ወይም «ተወው፣ ነገሩ በእኔ ላይ ይቅር» የሚል ምሕረት። ሁለቱም አልመጣም። ጋሽ አበጋዝ ስልቻውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ፤ ጀርባቸውን አቀኑ።

«ይህ ለእኔ በሹክሹክታ የሚነገር አይደለም» አሉ፤ አጨበጨቡም።

አዳራሹ ዞረ። አዲሱን ይለፍ ያዥ ሊመርቁ ፈገግታ አዘጋጅተው የነበሩ ፊቶች ሁሉ ኑርዬ ላይ ዐረፉ። ያጠናው ኑዛዜ ከተራው ጋር ጠፋበት። ዐይኑን ከጫማው ላይ አነሣ፤ መጀመሪያ ያገኘው አክስቱን ነበር።

«እቴቴ» አለ፣ «እናቴ አልተሻላቸውም። ሳላቸውን የቈረጥሁት እኔ ነኝ። ድምፃቸውን ከዚህ ሰርቄ በየቀኑ እሰማው ነበር፤ የቆለፍሁበትም በዚህ ቤት ይለፍ ነው። ሌባው በእኔ በኩል ገባ።»

የእቴቴ ሩቅያ እጅ ወደ አፋቸው ሄደ። ኑርዬ ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ ዞረ፤ እጅ ነሣና እንደ ጎነበሰ ቆየ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ተመለሰ። ጋሽ አበጋዝ ፊታቸውን አላዞሩበትም።

«ጋሼ፣ በተራራው ላይ ሳለን ጠንካራ ይለፍ የትም ቢቀመጥ ጠንካራ ነው ብዬዎት ነበር። እሺ ያልሁዎትም ከአፌ ነው፤ አላመንሁዎትም። ተሳስቼ ነበር። እርስዎ ሲከሰሱ ዝም በማለቴ ደግሞ ከዚያ የባሰ ተሳስቻለሁ።»